ከስልኩ ጀርባ ያለው ደብተር

(በሺሺንዳ፣ በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ገበያውንና የቤቱን ሥራ አቆይታችሁ ልትሰሙን ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንናገረው በሦስት ሰዎች ስም ነው። በአንድ አነስተኛ የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ በተለምዶ ፊንቴክ በሚባለው፣ በሒሳብ ክፍል አብረን የምንሠራ ሦስት ሴቶች ነን። ሦስታችንም የተቀጠርነው በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው። "እኛ" እያልን የምናወራው የሠራነውን አብረን ስለሠራን፣ ያጠፋነውንም አብረን ስላጠፋን ነው።

ስትጋብዙን አንድ ጥያቄ ልካችሁልናል። "የማኅበራችንን ቁጠባ ከሳጥኑ አውጥተን በስልክ ብናደርገው ይሻላል ይሉናል፤ እናንተ ውስጡ ናችሁና እውነቱን ንገሩን" ብላችኋል። "አዎ" ወይም "አይሆንም" ብለን ብንቀመጥ ይቀለን ነበር። ነገር ግን ሥራው ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ የእኛን ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ውሳኔው የእናንተ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራችንን፣ ቀጥሎ አንድ ያጠፋነውን ጥፋት፣ በመጨረሻም ከዚያ የተማርነውን እንነግራችኋለን።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው። በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ ስለ ሞባይልና ወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የሕዝብ ገንዘብ መያዝ የሚችሉት ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበሩ። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ ከኋላ ሆነው ሲስተሙን ያቀርቡላቸው ነበር። ኤም-ብር ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ጋር ሲሠራ እናንተ የምታውቁት ኦሞም አንዱ ነበር። ሄሎ ካሽ ደግሞ እንደ አንበሳ ኢንተርናሽናልና እንደ ኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ካሉት ጋር ሠርቷል። በ2012 ዓ.ም. ሌላ መመሪያ ወጣና ባንክ ያልሆኑ ኩባንያዎችም ፈቃድ አውጥተው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ እንዲችሉ ተደረገ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳ ወደ አገራችን ገባ። ከእነዚህ ትላልቆች ጎን ደግሞ እንደ ካቻ፣ ቻፓ፣ አሪፍ ፔይና ሳንቲም ፔይ ያሉ አዳዲስ ኩባንያዎች ተነሱ። የእኛ ኩባንያ እስካሁን ከጠራናቸው ውስጥ የለም። ስሙን የማንጠራው ለማስታወቂያም ለስም ማጥፊያም እንዲሆን ስለማንፈልግ ነው።

ፊንቴክ ሲባል ብዙ ሰው የመስታወት ሕንፃና ሱፍ የለበሰ ሰው ይታየዋል። የእኛ ቢሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል። ጥበቃዎቹን ጨምሮ 22 ሰዎች ነን። የሥራ መደብ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ አለ፤ በተግባር ግን የሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክ ትመልሳለች፣ የወኪሎችን ውል ታትማለች፣ ወደ ገቢዎች ትሮጣለች፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ሰው ትፈልጋለች።

ሥራው ጥሩ ጎን አለው። በትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ዲፕሎማ ይዘን ለዓመታት ቫውቸር ስናያይዝ እንኖር ነበር። እዚህ ግን በሁለተኛው ወራችን ስብሰባ ላይ ተቀምጠን "ይህ አሠራር ሒሳብ ያበላሻል" ስንል የሚሰማን ሰው አግኝተናል። ሲስተም የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ከእኛ በዕድሜ ያንሳሉ። ጎበዞች ናቸው። ስህተት ሲገኝ "ባግ ነው" ይላሉ። እኛ ደግሞ "ጉድለት ነው" እንላለን። በእነዚህ ሁለት ቃላት ስንጨቃጨቅ ያመሸንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ነገ የሚታረም ነገር ነው፤ ለእኛ ዛሬ የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ተግባብተናል፤ አሁን እነሱም አንዳንዴ "ጉድለት" ሲሉ እንሰማቸዋለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስልካችሁ ላይ 500 ብር የሚል ቁጥር ስታዩ ስልኩ ውስጥ ብር የለም። ቁጥሩ እንደ ደረሰኝ ነው። ብሩ ያለው ባንክ ውስጥ "የደንበኞች ሒሳብ" ተብሎ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ነው። ኩባንያው ደግሞ ለደሞዝ፣ ለቤት ኪራይና ለመብራት የሚያወጣበት ሌላ የራሱ ሒሳብ አለው። ሕጉ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ይከለክላል። ኩባንያው ቢከስር እንኳ የደንበኛው ገንዘብ ለኩባንያው ዕዳ እንዳይሄድ የታሰበ ነው።

በየቀኑ ማታ ሥራችን አንድ ነው። በሰዎች ስልክ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ እንደምራለን፤ በባንክ ባለው የደንበኞች ሒሳብ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ሁለቱ እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆን አለባቸው። ከገጠመ ቦርሳችንን አንስተን ታክሲ እንጋፋለን። ካልገጠመ እንቀመጣለን። ለ50 ሳንቲም ልዩነት ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ የተቀመጥንበት ቀን አለ። የቤት ሰዎቻችን "የራሳችሁን 50 ሳንቲም ብትከፍሉና ብትመጡስ?" ይሉናል። አይሆንም። 50 ሳንቲሙ የመጣበትን መንገድ ካላወቅን በዚያው መንገድ ነገ 50 ሺህ ብር ይሄድበታል።

ስህተት የትንንሾች ብቻ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሲስተሙ ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ በኋላ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ብዙው ሰው መለሰ፤ ያልመለሱትን ባንኩ ስማቸውን ይፋ አደረገ። ትልቅ ባንክ እንዲህ ያለውን ሌሊት ይቋቋመዋል። ትንሽ ኩባንያ ግን በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። እኛ ማታ ማታ የምንቀመጠው ለዚህ ነው።

ሌላው የሥራችን ክፍል ወኪሎች ናቸው። ወኪል ማለት እንደ እናንተ ያለች ባለሱቅ ናት። መጀመሪያ የራሷን ብር ባንክ አስገብታ በዚያው ልክ የስልክ ቁጥር ትቀበላለች፤ ይህን "ፍሎት" እንለዋለን። ከዚያ ሰው ብር ሲሰጣት ከቁጥሯ ትልካለች፤ ሰው ብር ሲፈልግ ቁጥር ተቀብላ ከመሳቢያዋ ትከፍላለች። ፍሎት ከሌላት መላክ አትችልም፤ ሒሳቧ ከታገደ ደግሞ መላክም መክፈልም አትችልም።

በካፋ የወኪል ሥራ የሚደራው ቡና ሲለቀም ነው። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እሸት ቡና አያድርም፤ ዛሬ የተለቀመው ዛሬ ካልተሸጠ ዋጋው ይወድቃል። ሰብሳቢው ከቦንጋ ወይም ከሚዛን በስልክ ይልካል፤ ገበሬው ያንኑ ዕለት ብሩን ከወኪሏ ይወስዳል። ያን ቀን የወኪሏ ስልክ "ታግዷል" ቢል የሚጎዳው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ያጠፋነውን እንንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር መጀመሪያ ነው። ደሞዛችን ከዘገየ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አገልግሎት የምንሰጠው አንድ ድርጅት ክፍያውን አዘግይቶ ሥራ አስኪያጁ "ዛሬ፣ ነገ" ይለን ነበር። የቤት ኪራይ የደረሰብን ነበርን፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለብንም ነበርን። በኩባንያው ሒሳብ ያለው 60,000 ብር ብቻ ነው። ለጥበቃዎቹ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስልክ ለምትመልሰው ልጅ፣ ለእኛም ጭምር፣ በጠቅላላው ለዘጠኝ ዝቅተኛ ተከፋዮች የሚያስፈልገው 86,150 ብር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን ስልኩ ላይ አይቶ እየሮጠ መጣ። "97,400 ደርሷል! ለዝቅተኞቹ ዛሬውኑ ክፈሉ" አለን። ማን አስገባው ብለን አልጠየቅንም። ሌላ ቀን ቢሆን የመጀመሪያ ጥያቄያችን እሱ ነበር። ያን ቀን ግን የጠበቅነው ክፍያ በከፊል የገባ መሰለን፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲመስለን ፈለግን። ከምሳ በፊት 86,150 ብሩን ከፍለን ጨረስን። በሒሳቡ 11,250 ብር ቀረ። ምሳ ላይ ጥብስ አዘዝን።

ያንኑ ዕለት ማታ ሒሳብ ስንዘጋ የደንበኞች ሒሳብ 37,400 ብር ጎደለ።

እናንተ ይኸኔ ደምራችሁታል። 60,000 እና 37,400 ስንት ነው? ዲፕሎማ ያለን ሦስት ሴቶች ግን ያን ማታ አልደመርነውም። ጉድለት ሲገኝ የምናየው ውጭ ውጭውን ነበርና ወደ ውጭ አየን።

ተከታትለን የደረስነው እዚሁ ካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ካላቸው አንዲት ወኪላችን ዘንድ ነው። በዕድሜ እናቶቻችን የሚሆኑ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት 37,400 ብር ባንክ አስገብቻለሁ ብለው የደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም ልከው ነበር። የእኛ ሰዎች ፎቶውን አይተው ፍሎቱን ሰጧቸው። እኛ ግን የደንበኞችን ሒሳብ ስናይ እንዲህ ያለ ገቢ የለም። ፎቶውን አጉልተን አየነው፤ ደብዛዛ ነው። ከመካከላችን አንዷ "ሐሰተኛ ደረሰኝ ነው" አለች። ሌሎቻችን "ይመስላል" አልን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። የእገዳ ቅጹን ሞልተን ሦስታችንም ፈረምን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የእሳቸው ሒሳብ ታገደ።

ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ አለፈ። ሱቃቸው በር ላይ ቡና ሸጠው ብራቸውን ሊወስዱ የመጡ ገበሬዎች ቆመው ተመለሱ። አንዳንዱ ለባጃጅ ከፍሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። አንድ ደንበኛ ወደ ቢሯችን ደውሎ "ለምን አይሠራም?" ሲል ስልክ የምትመልሰው ልጅ "ወኪሏ ለምርመራ ታግደዋል" አለችው። እንዲህ ያለ ቃል በአንድ መንደር ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ። እስከ ቅዳሜ ማታ "የሰው ገንዘብ በልተው ነው" ተብሎ አልቋል። እሳቸው ራሳቸው በሦስት ቀን ውስጥ 11 ጊዜ ደውለዋል። ያገኙት መልስ "እየታየ ነው፤ ይጠብቁ" የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለልጅቷ ጽፈን የሰጠናት እኛ ነን።

ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም 14 ፎቶ መጣልን። ተማሪ ልጃቸውን አስይዘው የደብተራቸውን ገጾች አንድ በአንድ አስነስተዋል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። በማስመሪያ የተሰመረ፤ ቀን፣ የሰው ስም፣ የገባ፣ የወጣ። በየገጹ ግርጌ ድምር አለ። የባንክ ደረሰኞቹ በየቀናቸው ገጽ ላይ በስፒል ተያይዘዋል። እውነቱን እንናገርና፣ ደብተሩን የከፈትነው ስህተት ልንፈልግበት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሲስተማችን ጋር መስመር በመስመር አመሳከርነው። አንድ ሳንቲም አልተዛነፈም።

ከዚያ በኋላ ነው ከእኛ አንዷ ደረሰኙ ላይ ያለውን የሒሳብ ቁጥር ያነበበችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም ያየነው የብሩን መጠንና የባንኩን ማህተም ብቻ ነበር። ቁጥሩ የደንበኞች ሒሳብ ቁጥር አይደለም። የኩባንያው የራሱ ሒሳብ ነው።

ወደ ኋላ ተመልሰን ስናይ፣ ከአንድ ወር በፊት የደንበኞች ሒሳብ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር ለወኪሎች አዲስ የሒሳብ ቁጥር ዝርዝር ልከን ነበር። ሁለቱ መስመሮች ተቀያይረው ተጽፈዋል። የጻፍነው እኛ፣ ያረጋገጥነው እኛ፣ የላክነው እኛ። አሮጌው ሒሳብ ገና አልተዘጋም ነበርና ሌሎቹ ወኪሎች በለመዱት ቁጥር ያስገቡ ነበር። መመሪያችንን እንደተጻፈው የተከተሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የታገዱትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ደሞዛችን ትዝ ያለን ያኔ ነው። የሐሙሱ ጥብስ በእሳቸው ገንዘብ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተን ነገርነው። ክፉ ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ቃሉ ግን "ሦስት ቀን ታገሡ፤ ክፍያችን ሲገባ እንመልሰዋለን፤ እስከዚያ እገዳው ይቆይ" የሚል ነበር። ሐሳቡ ይገባናል። እገዳውን አንስተን ገንዘቡን ወደ ደንበኞች ሒሳብ ካልመለስን በስልክ ላይ ያለው ቁጥር ከባንክ ካለው ብር ይበልጣል፤ ይህ ሕገወጥ ነው። ለመመለስ ደግሞ ብር የለም። ግን "እስከዚያ እገዳው ይቆይ" ማለት "እስከዚያ እሳቸው ሌባ ሆነው ይቆዩ" ማለት ነው። ይህንኑ በዚሁ ቃል ነገርነው። ዝም አለ። እኛም ዝም ብለን ተቀመጥን፤ አልወጣንም።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን ደመርን። መመለስ ያለበት 37,400። በሒሳቡ የቀረው 11,250። የጎደለው 26,150። ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ 15,000 ብር አስገባ። የቀረውን 11,150 ብር ሐሙስ ደሞዝ ከተቀበልነው ውስጥ ኪራይ ከፍለን በተረፈን አዋጣን፤ ሲስተም ከሚሠሩት ልጆችም ሁለቱ ጨመሩበት። ጥበቃዎቹንና ጽዳት ሠራተኛዋን አልጠየቅንም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገንዘቡ ወደ ደንበኞች ሒሳብ ገባ፤ እገዳውም ተነሣ።

ይህን የምንነግራችሁ እንድታመሰግኑን አይደለም። የበላነውን መመለስ ምስጋና የለውም።

ከዚያ ደወልንላቸው። ሦስታችንም ድምፅ ማጉያውን ከፍተን ተቀመጥን። ስህተቱ የእኛ መሆኑን፣ እንዴት እንደሆነ፣ አንዱንም ሳናስቀር ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። እስከ መጨረሻው ሰሙንና "ልጆቼ፣ ገንዘቡስ ተመለሰ፤ ስሜንስ ማን ይመልስልኛል?" አሉ። መልስ አልነበረንም። ምን ብናደርግልዎ ይሻላል ብለን ስንጠይቃቸው "በወረቀት ጻፉልኝ፤ ማህተም ያለበት ይሁን" አሉን። በኩባንያው አርማ ላይ "ጉድለቱ የተፈጠረው በሒሳብ ክፍላችን ስህተት ነው፤ ወኪላችን ምንም ጥፋት የለባቸውም" ብለን ጽፈን፣ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ ማህተም አድርጎበት በአውቶቡስ ላክንላቸው። በላስቲክ ሸፍነው ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል ብለው ልጃቸው ነግረውናል። እስከ ቡናው ማብቂያ አብረውን ሠሩ። ጥር ላይ ግን ቀሪ ፍሎታቸውን አስመልሰው ወኪልነቱን ተዉት። እኛም "ለምን?" ብለን አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አራት ነገር ለውጠናል። ምንጩ ያልታወቀ ገቢ ለምንም ወጪ አይነካም፤ ደሞዝ ቢሆንም። የሒሳብ ቁጥር የያዘ ማንኛውም ጽሑፍ ያልጻፈችው ሴት ጮክ ብላ አንብባ ሳታመሳክር አይወጣም። ጉድለት ሲገኝ በመጀመሪያ የራሳችንን ሁለት ሒሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንደምራለን። ማንም ወኪል ሳንደውልለትና ደብተሩን ሳናይ አይታገድም፤ ጥርጣሬ ካለም ምክንያቱ ለሌላ ደንበኛ አይነገርም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ሳጥኑን ትታችሁ ወደ ስልክ ግቡ? የእኛ ምክር ይህ ነው፤ ስልክ መንገድ ይሁናችሁ እንጂ ጎተራ አይሁናችሁ።

አንደኛ፣ ሳጥናችሁ ሦስት ቁልፍ አለው። ሰብሳቢዋ፣ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዧ ካልተገናኙ አይከፈትም። ስልክ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሲም ካርዱና ሚስጥር ቁጥሩ በእጇ ያለ ሴት ብቻዋን ትከፍተዋለች። የማኅበሩ ገንዘብ በአንዲት እህት ስልክ ላይ ከተቀመጠ ብትታመም፣ ስልኳ ቢሰረቅ ወይም ነፍስ ይማር ቢባልባት የሁላችሁ ገንዘብ ከእሷ ጋር ይንጠለጠላል። ታማኝ ብትሆንም በሐሜት እሳት ላይ ነው የምታስቀምጧት። የተጠራቀመውን በማኅበሩ ስም፣ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ሒሳብ አስቀምጡ። ስልኩን እያንዳንዳችሁ መዋጮ ለመላክ፣ ብድር ለመቀበል፣ ከሩቅ ያለ ልጅ የሚልከውን ለመውሰድ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም ኩባንያ መጥቶ "ከእኛ ጋር አስቀምጡ" ሲላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አለህ ወይ? ገንዘባችን የሚቀመጠው ከአንተ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ነው ወይ፣ በየትኛው ባንክ? ለዚህ መልስ ሲንተባተብ ካያችሁት ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ሦስተኛ፣ ሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ። "ከቴሌ ነው የምንደውለው"፣ "ሽልማት ደርሶዎታል"፣ "የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን" የሚል ሁሉ ሌባ ነው። እውነተኛ ሠራተኛ ሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። እኛ ራሳችን ብንደውልላችሁ እንኳ አትንገሩን።

አራተኛና ዋናው፣ ደብተራችሁን አትተዉ። "አሁንማ ሲስተሙ ይመዘግበዋል" ብላችሁ ደብተሩን መደርደሪያ ላይ የጣላችሁት ቀን የምትናገሩበትን አንደበት ጣላችሁ ማለት ነው። ያቺ እናት የኮምፒዩተር ትምህርት አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ዛሬም ድረስ በእኛ ፋይል ውስጥ አጭበርባሪ ተብለው ይኖሩ ነበር፤ እኛም ደሞዛችንን በልተን በሰላም እንተኛ ነበር። ሲስተም የሚመዘግበው እኛ ያስገባነውን ነው። እኛ ደግሞ ደሞዝ ሲዘገይብን ማየት የማንፈልገውን የማናይ ሰዎች ነን።

አምስተኛው ለእናንተ ለኃላፊዎቹ ነው። በሳጥናችሁም ቢሆን አንድ ቀን ጉድለት ይመጣል። ያን ቀን የአንዲት ሴት ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፤ የጸሐፊዋንና የገንዘብ ያዧን ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ድምሩን ሌላ ሰው ይሥራው። ብር ጎድሎ ሊሞላ ይችላል። እኛ 37,400 ብሩን በስድስት ሰዓት መልሰናል። ስማቸውን ግን ደብዳቤው በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ተለጥፎም ሙሉ በሙሉ የመለስነው አይመስለንም።

አንድ ነገር ጨምረን እንቋጭ። ሴት ልጆቻችሁ "ሒሳብ ብማር ምን ይሠራልኛል? አሁን ሁሉን ኮምፒዩተር ይሠራዋል" ሲሏችሁ፣ መደመሩን ኮምፒዩተር ይሠራዋል በሏቸው። "ይህ ገንዘብ የማን ነው? ከየት መጣ?" ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። የእኛን ኩባንያ ጨምሮ ብዙ ቦታ ያ ወንበር ክፍት ነው።

 ቁጠባችሁን ይባርክላችሁ፤ ሳጥናችሁም ደብተራችሁም ሁልጊዜ የገጠመ ይሁን።